የገዳሪፍ ሰዓት

«ሊሻገር ነበር አሉ እኮ! ሚስቱን ጥሎ!» አለች ታንጉ፣ ንፍሮውን ከድስቱ ወደ ሰፌድ እየገለበጠች።

ታንጉ ጎረቤት ናት፤ ክፉም አይደለችም። ችግሯ፣ ስታንሾካሹክ ድምፅዋ ወንዙን ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት መግባቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ባየሽ ግን ያን ያህል አልታደለችም። ከዳሱ ጥግ፣ ሰሌን ላይ ኩርምት ብላ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

የባሏ የደምለው ሰልስት ነበር። በደህናው ጊዜ ቢሆን ዳሱ መቀመጫ ባጣ፤ መተማ ላይ ትራክተር ነጂውን ደምለውን የማያውቅ የለም። የመጣው ግን ጥቂት ነው። የመጣውም «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ትንሽ ይቀመጥና በሙቀቱ አሳብቦ ይነሣል። በሰዉ አይፈረድም። የቀበሌው ሊቀ መንበር በቀብሩ ዕለት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ «ከሰዓት እላፊ በኋላ ወደ ሱዳን ሊኮበልል ሲል የተመታ ነው» ብሎ ተናግሯል። በዚያ ዘመን ለኮብላይ ማልቀስ ራሱ ያስጠይቅ ነበር።

ባየሽን የሚያንገበግባት ግን ሊቀ መንበሩ አይደለም። ደምለው የወደቀው ወንዙ ዳር ነው። ከሥራ መጥቶ፣ ራቱን በልቶ፣ «መጣሁ» ብሏት ወጣ። ወዴት ነበር? በወንዙ በኩል ምን ወሰደው? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝታ ሐሳቡን ሳታውቅ ቀርታ ይሆን? ባል መሞቱ አንድ ነገር ነው፤ ጥሎ ሲሄድ መሞቱ ግን ለየትኛው እንደምታለቅስ እንኳ አያስለይም። ሦስቱንም ቀን አንዲት እንባ አልወጣትም።

ከዳሱ መግቢያ ላይ የደምለው ታናሽ ወንድም ይርዳው ቆሞ ለቀስተኛ ይቀበላል። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስላለፉ፣ ደምለው ለይርዳው ወንድምም አባትም ነበር። ልጁ ከቀብር ከተመለሰ ጀምሮ ፊቱ ከስሏል፤ ለመጣው ሰው ሁሉ የሚናገራት ቃልም አንዲት ብቻ ናት።

«ደስ ብሎት ነው የሞተ» ይላል። «ያን ዕለት ሰዓቱን አምጥቼ እጁ ላይ አሰርሁለት። እንደ ሕፃን ሳቀ። ቢያንስ ደስ ብሎት ነው የሞተ።»

ይህችን ቃል ይዞ ነው የቆመው። ብትወሰድበት የሚወድቅ ይመስላል።

ሰዓቱ ባየሽ ጉያ ውስጥ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ አለ። ሬሳውን ያመጡት ሚሊሻዎች ከእጁ ፈትተው ሰጧት፤ ያቺን ያህል ሰብአዊነት አልጠፋባቸውም። በየቀኑ መሞላት እንዳለበት ይርዳው ሲናገር ሰምታ ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች።

ያ ሰዓት ስንት አከራክሮ ነበር! ደምለው በሚሠራበት እርሻ ላይ የሥራ ማብቂያውን ፊሽካ የሚነፋው አለቃው ነው፤ የሚነፋውም የራሱን ሰዓት እያየ። የአለቃው ሰዓት ጠዋት ይቸኩላል፣ ማታ ይለግማል። ከወሎና ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱት ሰዎች ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላም እንዳጎነበሱ ሲያይ ደምለው ደሙ ይፈላል።

«ሰዓት እገዛለሁ» አለ አንድ ቀን።

«ግዛ» አለች ባየሽ። «ገበያው ሞልቶት የለ?»

«የገበያውን አይደለም። የአለቃው ሰዓት ወርቅ ነው። የእኔ ቆርቆሮ ከሱ ወርቅ ጋር ቢከራከር ማን ይፈርድለታል? ከሱ የሚበልጥ የስዊስ ወርቅ ነው የምገዛ!»

ሸሚዙ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው! ባየሽ ከት ብላ ሳቀች። እሱ ግን ከልቡ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቱ ወሬ ሁሉ «ከየት ይገዛ?» ሆነ። የመተማ ገበያ ወዲያው ተጣለ፤ የዚያ ሰዓት ዝናብ ሲያይ ይቆማል። ደምለው አስመራን አሰበ፤ መንገዱ ጦርነት መሆኑን ሲያስታውስ ተወው።

«ጎንደር ይሻላል» አለች ባየሽ። «የጎንደር ባለሱቅ ይታወቃል። ቢበላሽ መልሰህ ፊቱ ላይ ታስቀምጥለታለህ። የሱዳኑን ነጋዴ የት ታገኘዋለህ?»

ይርዳው በይለፍ ወረቀት ከብት እየነዳ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ይመላለስ ነበርና ይህን ሲሰማ ዘሎ ተነሣ።

«እትዬ ባየሽ፣ ጎንደር የሚሸጠውስ በእኛው በር የገባ አይደል? ገዳሪፍ አንድ ነጋዴ አውቃለሁ፤ ከጂዳ ነው የሚያስመጣ። የሱ አስሊ ነው!»

አስሊ በድንበሩ ሰው አፍ እውነተኛ፣ ያልተመሳሰለ ማለት ነው። ይርዳው ቃሉን ሲናገር ደረቱን ይመታል፣ ሰዓቱን ራሱ የሠራው ይመስል።

ደምለው ሚስቱን አየ፤ ወንድሙን አየ። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ከታላቁ እጅ የተቀበለ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ለመስጠት ዓይኑ ይለምናል። «እስቲ ገዳሪፍ ይሁን» አለ በመጨረሻ። ማታ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ «አትቀየሚኝ፤ እንቢ ካልሁት ልቡ ይሰበራል» አላት። ባየሽ ኩርፊያዋን ተያያዘችው፣ እስኪነጋ ድረስ ብቻ።

ሰዓቱ በኅዳር፣ አጨዳው ሊያልቅ ሲል መጣ። ይርዳው የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ከወንድሙ እጅ ላይ አሰረውና፣ «ጋሼ፣ መሙያውን አሁን እንዳትነካው! ነጋዴው ራሱ በሱዳኑ የኦምዱርማን ራዲዮ ነው ያስተካከለው። አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም» አለ። ደምለውም እንደ ታቦት ፈራው። ጣቱን አላስጠጋበትም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ሐሚድ ወደ ዳሱ ገባ። የደምለው የልብ ወዳጅ ነው፤ በቀብሩ ግን አልታየም። ለይርዳው አንገቱን ደፍቶ አለፈና ከባየሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናሽ፣ እህቴ» አለና ዙሪያውን ገረመም አደረገ። ከዚያ ድምፁን አጠፋ። «ያን ማታ እኔ ቤት ነበር።»

ባየሽ ቀና አለች። የሐሚድ ቤት ወንዙ ዳር ነው።

«ሰዓቱን ሊያሳየኝ መጣ። ሻይ ጠጣን፣ ተጫወትን። ‹እላፊው ደርሷል፣ እዚሁ እደር› አልሁት። ወላሂ አልሁት! እጁን ዘረጋልኝና ‹ገና ሙሉ አንድ ሰዓት አለኝ፤ የስዊስ ወርቅ አስሬ ያንተን ግምት ልስማ?› ብሎ ሳቀብኝ። ‹ባየሽ በር ሳትዘጋ ነው የምትጠብቀኝ› ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ተኩሱን ሰማሁ። ፈራሁ፣ እህቴ። በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አንቺ ፊት ለመቅረብ ዛሬ ነው ድፍረት ያገኘሁ።»

ባየሽ አልተቆጣችም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። ወደ እሷ። የሦስት ቀን እንባዋ ያን ጊዜ ፈነዳና፣ የሊቀ መንበሩን ቁጣ ረስታ ጮኻ አለቀሰች። ታንጉም ድስቷን ጥላ መጥታ አብራ አልቅሳ ተመለሰች፤ ክፉ አይደለችም ብለናል።

ባየሽ ፊቷን ልትጠርግ መሐረቡን ስትፈታ፣ ከማዶ ካለው ሻይ ቤት የራዲዮው ድምፅ መጣ፦ «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ዜና እናሰማለን።» ዓይኗ ከሰዓቱ ላይ አረፈ። መሠረተ ትምህርት ገብታ ከተማረችው ሁሉ ሰዓት ማንበብ ይቀናታል። ሁለቱም ቆጣሪዎች እላይ፣ አሥራ ሁለቱ ላይ ተደራርበዋል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ነው እንጂ ሰባት አይደለም።

«ተበላሽቷል» አለች። «ጎንደር ብዬ ነበር።»

ሐሚድ ጎንበስ ብሎ አየው። ሲቀና ፊቱ አመድ መስሏል።

«አልተበላሸም» አለ ቀስ ብሎ። «የሱዳን ሰዓት ነው፣ እህቴ። እነሱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያሉ። ገዳሪፍ ላይ ይሄ ትክክል ነው።»

ሁለቱም ወደ ዳሱ መግቢያ አዩ። ይርዳው አንድ ሽማግሌ እየደገፈ ያስገባል። «ደስ ብሎት ነው የሞተ፣ አባባ» ይላል።

«እንናገር» አለ ሐሚድ። «ከሊቀ መንበሩ ፊት እኔ ቆሜ እመሰክራለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ሰዓቱም ይመሰክራል። ኮብላይ መባሉ ይቅርለት፤ ስሙ ይንጻ።»

ባየሽ ልትነሣ ፈለገች። ጭር ያለውን ዳስ እያየች «ወደ እኔ እየመጣ ነበር!» ብላ ልትጮኽ፣ ለታንጉም፣ በሙቀቱ አሳብበው ለሄዱትም ሁሉ ልትነግር ፈለገች። ነገ ውኃ ስትቀዳ «የኮብላይ ሚስት» የሚላት አይኖርም። ግን «ለምን አመሸ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያም መልስ ይርዳውን ይገድለዋል።

«ሆድ ይፍጀው» አለች።

«ስሙስ?»

«እኔ አወቅሁ፤ አንተም ታውቃለህ። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሐሚድ። ሌላ ለመቅበር አቅም የለኝም።»

ሐሚድ ዓይኑን ጠርጎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረላት።

ባየሽ በነጠላዋ ሥር መሙያውን ሳብ አደረገች። ደምለው ሊነካው የፈራውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ እያለች አዞረችው። ትልቁ ቆጣሪ ዙሩን ዞሮ ከነበረበት ተመለሰ፤ ትንሹ ብቻ ከአንድ ቁጥር ወደ ሌላው ተሻገረ። መሙያውን ገፍታ መለሰችና፣ «ይርዳው፣ ና እስቲ» ብላ ጠራችው።

መጥቶ ከፊቷ ተንበረከከ።

«ይሄ ያንተ ነው። ወንድምህም ላንተ ይሁን ባለ ነበር።»

ልጁ ሰዓቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ማዶ ዜናው አብቅቶ ራዲዮው ሰባት ከሩብ መሆኑን ተናገረ። ይርዳው የሰዓቱን ፊት አየ፤ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ትንሽ በራ።

«አየሽ፣ እትዬ? አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም! ገዳሪፍ ይሻላል አላልሁም?»

«ብለሃል» አለች ባየሽ። «እኔ ነበርሁ የተሳሳትሁ።»

ሰዓቱን ወሰደችና እጁ ላይ ታስርለት ጀመር። የልጁ እጅ ቀጭን ነው፤ ማሰሪያው ሾልኮ ወረደ። እንደገና አወጣችው፣ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ ሰዓቱን ከነክንዱ በመዳፏ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው፤ ለቀስተኛ ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲላቸውም አልለቀቀችውም።