የአንድ ቤት ሁለት ምድጃ

ታናሽየዋ ለኑሮ ድጎማ ባስገባችው ማመልከቻ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ብቻዬን እኖራለሁ። የማበስለውም የምበላውም ለብቻዬ ነው። ከእህቴ ጋር የሚያገናኘን ጣሪያው ብቻ ነው።»

ታላቅየዋ የቤቱ ባለቤት በመሆኗ በምስክርነት የሞላችው ቅጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እኔና እህቴ አንድ ቤተሰብ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንድ ድስት በልተናል። ሌላ ነገር ብላ ከሆነ ትኩሳት ይዟት ነው።»

ሁለቱ ወረቀቶች ተያይዘው መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ደንቡ አጭር ነው፦ ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ገቢያቸውም ተደምሮ ይታያል። ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የእሷ ገቢ ከተደመረ ታናሽየዋ ዘይትና ዱቄት በቅናሽ የሚያስገኘው ካርድ አይደርሳትም። ለብቻዋ ከተቆጠረች ግን፣ ያላት ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የወጣችበት ጡረታ ብቻ ስለሆነ፣ ይደርሳታል። መዝጋቢው ወጣት ቢሆንም ችኩል አልነበረም። ከወረቀት ጋር ከመጨቃጨቅ ሄዶ ማየት ይሻላል ብሎ ምሳ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ።

ፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናው መስኮት ሥር ተቀምጧል፤ ወንበሮቹን ዚፕ የሚጠብቁ ሱሪዎች ይዘዋቸዋል። ታላቅየዋ አንዱን ክምር አንስታ ቦታ ሰጠችው።

«አረፍ በል ልጄ። አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ እህት ከእህቷ በወረቀት ትፋታለች?»

«ፍቺ አይደለም እናቴ፤ ቆጠራ ነው።»

«ቆጠራማ ለበግ ነው።»

ታናሽየዋ ከጓዳ ብቅ አለች። «ተይው እትዬ፣ ሥራውን ይሥራበት። ና ልጄ፣ ምድጃዬን ላሳይህ።»

ጓዳው ውስጥ ሁለት ምድጃዎች ነበሩ። ባንደኛው፣ ጎኑ በጠቆረው ላይ፣ ጎመንና ካሮት የያዘ ትልቅ ድስት ይንተከተካል። ሁለተኛው ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ሁለት ድንች ውኃ ውስጥ ተኝተዋል።

«ይሄኛው የኔ ነው» አለች ታናሽየዋ።

«የጎረቤት ነው» አለች ታላቅየዋ ከበሩ ላይ። «ትናንት በአንሶላ ሸፍና ስታስገባው አይቻታለሁ። ሙሽራ አስመስላዋለች።»

«ተዋስኩት። የተዋሰ ሰው አይቆጠርም የሚል ተጽፏል?»

መዝጋቢው ደንቡን ገልጦ አየ። አልተጻፈም።

ምሳ ቀረበ። እሱ በሥራ ላይ መብላት እንደማይፈቀድለት ነግሯቸው ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ታላቅየዋ ከድስቷ ለራሷ ጨለፈች። ታናሽየዋ ድንቿን ቆርጣ ጎረሰች፤ ቀጭ ሲል ሦስቱም ሰሙት።

«በስሏል?» አለች ታላቅየዋ።

«ለኔ በስሏል።»

«እዚህ ድረስ ይሰማል እኮ።»

ታናሽየዋ አላመጠች፣ አላመጠች፣ በመጨረሻ በውኃ አወረደችው። ታላቅየዋ ሌላ ሰው ሲያበላሽ ዝም ብላ ማየት አትችልም፤ ጨው ዘግና ተነሣች። ታናሽየዋ ሳህኗን በመዳፏ ከደነችው።

«እትዬ፣ ጨው ከነሰነስሽልኝ አንድ ቤተሰብ መሆናችን ነው።»

የታላቅየዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። መዝጋቢው ሳቁን ለመደበቅ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ፤ ቀና ሲል ግን እንዲህ ብሎ ጠየቀ። «እስከ ትናንት ከአንድ ድስት ነው የበላችሁት?»

«አዎ» አለች ታናሽየዋ። ሲጠይቋት መዋሸት አይሆንላትም።

«ታዲያ ዛሬ ለምን?»

ድንቹን በሹካ ገፋ አደረገችው። «ዘይት ከተወደደ ወዲህ እሷ ‹ሳበስል እየቀመስኩ ጠገብኩ› ትላለች። በቅምሻ የጠገበ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ቀሚሷን ሁለቴ አጥብባዋለች። ልብስ ስለምትሰፋ ማንም የማያውቅባት ይመስላታል። እኔ ሳህኔን ሞልቼ የእሷን ድርሻ ነው የምበላው። ካርዱ ካለኝ የራሴን እበላለሁ፣ እሷም የራሷን ትበላለች።»

«ፋሽኑ ነው» አለች ታላቅየዋ ወገቧን በእጇ ሸፍና።

መዝጋቢው የብዕሩን ክዳን ከፈተ። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። ከዛሬ ጀምሮ በእውነት ለየብቻ የምትበሉ ከሆነ ሁለት ቤት ናችሁ፤ ደንቡም ይፈቅዳል። ግን በወሩ መጨረሻ ሳልነግራችሁ እመጣለሁ። አንድ ድስት ካገኘሁ ካርዱ ይሰረዛል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ታናሽየዋ እህቷን አየቻት። ልብስ ሰፊዋ የዘገነችውን ጨው ወደ ቆርቆሮው መልሳ፣ እጇን አራግፋ፣ ድስቷ አጠገብ ቆመች።

«ጻፍ ልጄ» አለች። «ሁለት ቤት ብለህ ጻፍ። ጥሬ ድንች ስትቆረጥም እያየሁም ቢሆን ወሩን ሙሉ አንዲት ጭልፋ አላቀምሳትም።»