ከቀኝ ወደ ግራ

እናታችን ከጠዋት ጀምሮ የለችም። መርሳት ከጀመራት ወዲህ በር ተከፍቶ ካገኘች ውልቅ ነው። ሰፈሩን አዳርሼ እህቴ የምትሠራበት ቤት ደረስኩ።

"ተደወለ?" አልኳት ገና ከበሩ።

"ኧረ ምንም!"

ተስፋችን ሁሉ እህቴ ስልክ ላይ ነበር። እህቴ የሲሊኮን ጎማ አምባር ትሠራለች፤ ጎማውን ከቀለም ጋር ታሻለች፣ ቆርጣ ቅርጽ ማውጫው ብረት፣ ሞልዱ ውስጥ ታስገባለች፣ ማሽኑ በሙቀት ይጫነዋል፣ ሲወጣ ትርፉን ትከረክማለች። በቅርቡ ለእናታችንም ሠርታ አጠለቀችላት። "ሚሚ" ይላል፣ ከሥሩ የእህቴ ስልክ ቁጥር አለ። ዛሬ ዛሬ እናታችን ከዚህ የቤት ስሟ በሌላ ቢጠሯት ዞር አትልም። እኔ ደግሞ "እንደ ሻንጣ አድራሻ ለጠፍሽባት" ብዬ ቀልጄ ነበር፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

"ያገኛት ሰው እንዴት አይደውልም? ሰው አልቋል?" ብዬ ጮህኩባት። "ስልክሽ ራሱ ይሠራል?"

ቀለሙ ተበላሽቶ የጣለችው፣ ከዚያው ሞልድ የወጣ አምባር ጠረጴዛው ላይ ነበር። መንገደኛ እንደሚያደርገው ቁጥሩን ከላዩ እያነበብኩ ደወልኩ። እህቴ እጅ ላይ ያለው ስልክ ጭጭ አለ። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ሰውዬ አነሳ።

"ሚሚ የምትባል አላውቅም አልኩ እኮ! ምን ዓይነት ጣጣ ነው!" ዘጋው።

እህቴ አምባሩን ነጥቃኝ አነበበችው። አምባሩን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ሞልድ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው የሚመታው" አለች። "ብረቱን የምመታባቸው ማህተሞች እያንዳንዱን ቁጥር ራሳቸው ይገለብጡታል። እኔ ከቀኝ ጀምሬ ወደ ግራ መደርደር ነበረብኝ። ከግራ ጀመርኩ። የመጨረሻው ቁጥር መጀመሪያ መጥቷል። ስልኬ በ90 ስለሚያልቅ ሲገለበጥም በ09 ይጀምራል።"

"ስሙ ግን ልክ ነው!"

"ሚሚ ከየትም ብታነበው ሚሚ ነው፣ ወንድሜ። እሱን አይቼ ነው ልክ ነው ያልኩት።"

ልሰድባት ነበር። እኔስ መቼ አነበብኩት? መልሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ በእናትዎ አይዝጉብኝ፤ የጠፋችው እናቴ ናት። የደወሉልዎትን ሰዎች ቁጥር ብቻ ይስጡኝ።"

"የስንቱን ልስጥህ? ቅድም አንዷ 'አውቶቡስ ልትሳፈር ነው፣ ልያዛት ወይ?' ትለኛለች። እኔ ምን አገባኝ! ልቀቂያት አልኳት።"

"የት ሆና ነው የደወለችው?"

ዘጋው። ደግሜ ስሞክር ስልኩን አጥፍቶታል።