ቅመሽልኝ

"ወንበሩን ያዥ እማ ዘነቡ፣ እንዳትወድቂ" አለ መሃድ ከባንኮኒው ጀርባ እጁን ዘርግቶ።

ዘነበች ረጅሙ ወንበር ላይ እንደምንም ወጥታ እግሯን አንጠለጠለች። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያውም ከዚራ ሰፈር መሃል፣ መጠጥ ቤት መግባቷን ጎረቤት ቢሰማ ምን እንደሚል እግዜር ይወቀው። ደግነቱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ቤቱም አልተከፈተም። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የመጠጦቹ ስም በጠመኔ ተጽፏል፤ "ሙሸበክ"፣ "ማንጎ በሚጥሚጣ"፣ "የቀፊራ ሰላጣ"።

"ሰላጣ ይጠጣል እንዴ? ጥርስ አለቀ?"

"አቦ፣ ዘንድሮ የማይጠጣ ነገር የለም!" ሳቀ መሃድ።

እሷም ልትስቅ ስትል ከሁሉም በታች የተጻፈውን አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። "ኢስታር" ይላል።

ኢስታር የመሃድ እናት ናት። ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ከዘነበች ጋር ግድግዳ ተጋርተው ነው የኖሩት። በረመዳን፣ ሾርባው ሲንተከተክ፣ ጿሚዋ ኢስታር ጨዉን መቅመስ ስለማትችል ጭልፋዋን በአጥሩ ላይ አሻግራ "ዘነቡ፣ ቅመሽልኝ!" ትላለች፤ ሥጋው ሳይገባበት። ቅዳሜ ሹር ደግሞ ተራው የዘነበች ነው። ዶሮው ሳይጨመር ቁሌቱን ኢስታር ትቀምስላታለች። መሸነጋገል የሚባል ነገር አልነበረም። ጨው ከበዛ "አበላሽተሽዋል" ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዷ ለሌላዋ ዋሽታ አታውቅም።

"የሆዮ፣ የእናቴ ሾርባ ነው" አለ መሃድ ቀይ መጠጥ የሞላበትን ብርጭቆ እየገፋላት። "ቲማቲሙ፣ ከሙኑ፣ ቃሪያው፣ መጨረሻ ላይ ጠብ የምታደርገው የሁመር ጭማቂም አለበት። እስከዚያ ድረስ ራሴ ቀምሼዋለሁ። ቮድካው ከገባበት በኋላ ግን እኔ አልቀምስም፤ ታውቂኛለሽ። ባለቤቱ ጥሩ ነው ይላል። እሱ ሆዮን የት ያውቃታል? አንቺ የእሷ ነው ካልሽ ነገ ይጀመራል።"

"እዚህ መሥራትህን ታውቅ ነበር?"

መሃድ አቀረቀረ። "ጁስ ቤት ነው ብያት ነበር።"

"ታዲያ ስሟን?"

"ሰው ሁሉ እንዲጠራት ብዬ ነው። ወላሂ፣ ለክብሯ ነው። ቅመሽልኝ።"

ዘነበች ቀመሰች። መጀመሪያ ከሙኑ መጣ፣ ቀጥሎ ቃሪያው፣ ከኋላ ያ የሁመር ጎምዛዛ። ኢስታር ነበረች። ራሷ ኢስታር። ዘነበች ይህን ጣዕም በገዛ ድስቷ ስንት ጊዜ ሞክራ አጥታዋለች። ቮድካው ደርሶ ጉሮሮዋን ሲያቃጥለው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባዋንም በቮድካው ለማመካኘት ቻለች።

ልጁ ደግሞ በጉጉት ትንፋሹን ውጦ ያያታል። ግን ነገ ማታ አንዱ ሰካራም ባንኮኒውን እየደበደበ "አንድ ኢስታር ድገመኝ!" ሲል ታያት። ኢስታር እኮ በመጠጥ ቤት ደጅ ስታልፍ ፊቷን በሻሿ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ነውር ነው ብትለው ይከራከራታል፤ በፍቅር ነው ያደረገው፣ ግትርነቱም የእናቱ ነው። ከዘነበች ምላስ ጋር ግን አይከራከርም።

"እህስ?"

"አይደለም" አለች።

"ምኑ ጎደለ?"

"እንጃ። ብቻ የኢስታር እጅ የለበትም። ስሟን አጥፋው።"

መሃድ የብርጭቆ መወልወያውን አንስቶ የእናቱን ስም ከሰሌዳው ላይ ጠረገ። "ሁመሩን አብዝቼው ይሆናል" አለ ጀርባውን እንደሰጣት። ድምፁ ተሰብሯል። ዘነበች ተነስታ ልታቅፈው፣ እውነቱን ልትነግረው ፈለገች። ከንፈሯን ነከሰች።

"በይ ልድፋው" ብሎ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ።

ዘነበች ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ተወው፤ ጠምቶኛል" አለችና ቀስ እያለች እስከ መጨረሻው ጠጣችው።