አስፋልት የሳሙ ሰዎች

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ጠዋት ፉሪ ላይ ታክሲ የለም።

ታክሲ ሲጠፋ የሞተር ተራው ይነግሣል። ከሞተረኞቹ ሁሉ አንጋፋው ደምሰው ነው፤ የማሳመን ጸጋ ስላለው የሚፈራ ተሳፋሪ ሲመጣ ወደ እሱ ይመራል።

«እዚህ ተራ ወድቆ የሚያውቅ አለ እንዴ?» አሉ ዛሬ ወደ እሱ የተመሩት ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሻርፓቸውን እያጠበቁ።

«ኧረ ምን በወጣን! አንድም ሰው።»

ደምሰው አልዋሸም። እዚህ ተራ ሰው አይወድቅም፤ አስፋልት ይስማል። ሞተረኛው ቸኮል ስሞ አልጋ ላይ ከዋለ ከረመ። ቴዎም ስሟል፤ ለምን ታነክሳለህ ሲሉት «ጫማ ጠቦኝ ነው» ይላል። ደምሰው ራሱ የፊት ጥርሱን ለአስፋልት ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ለሚስቱ «ቆሎ ነው የሰበረብኝ» ብሏታል። የተሳፋሪ ሄልሜትም አለው፤ ክንዱ ላይ ትንጠለጠላለች። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ራስ ላይ ትወጣለች፣ ሲታለፍ ትወርዳለች።

«ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ ይቁጠሩት» ብሎ ወይዘሮ ብርነሽን አፈናጠጣቸው።

ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ልጁ ትሕትና እያለከለከች ደረሰች። ጎፋ አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ጠርቷታል፤ ካረፈደች በሩ ይዘጋል። እሷ ሥራ ስትይዝ ሞተሩን ሊሸጥ ደምሰው ለራሱ ከማለ ቆይቷል።

«አባዬ፣ ታክሲ የለም። አድርሰኝ።»

«ጋሽ ደሜ፣ እትዬን ለኔ ልቀቅልኝ» አለ ቴዎ እየሳቀ። «ልጅህን ይዘህ ብረር!»

ደምሰው ልጁን አየ። ቀጥሎ አስፋልቱን አየ።

«ታክሲ ይመጣል፤ ጠብቂ።»

«ይዘጋብኛል እኮ!»

«ይዘጋ።»

«ቀስ ብለህ ትነዳለህ፤ እኔም ጥብቅ አድርጌ እይዝሃለሁ።»

«ትሕትና! ከፈለግሽ በእግርሽ ሂጂ። ሞተር ላይ ግን አትወጪም። እኔ በሕይወት እያለሁ አትወጪም!»

ቴዎ የሌለ አቧራ ከመሪው ላይ ማራገፍ ጀመረ። ትሕትና እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ በእግር በሰዓቱ ወደማይደረስበት ጎፋ አቅጣጫ መንገድ ጀመረች።

ወይዘሮ ብርነሽ የደምሰውን ትከሻ ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ። ቦርሳቸውን አንግተው ልጅቱን በእግራቸው ተከተሉ።

«ቀጣይ!» አለ ቴዎ።

ማንም አልመጣም።