የይመኙሻል ዳክዬ

ዳክዬ አልወድም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ የማወራውን ሰምቶ «ድሮም እንስሳ ወዳድ ነበር» የሚል እንዳይኖር። ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችኝ። ዳክዬዎቹ የባለቤቴ የይመኙሻል ናቸው፤ አንዲት ኡጋንዳዊት ጎረቤታችን አገሯ ስትገባ ለእሷ ትታቸው ሄደች። ሥጋቸውን አንበላ፣ እንቁላላቸውን አንነካ። ታዲያ ምን ይሠሩልሻል ስላት «ሲሄዱ አያቸዋለሁ» ትለኝ ነበር።

በ2008 ሐምሌ ጁባ በተኩስ ስትናጥ ሦስት ቀን አልጋ ሥር ተኛን። መንገዱ ሲከፈት ይመኙሻል አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔ ቤቱን ልጠብቅ ቀረሁ። ትመለሻለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም። በየእሑዱ ስትደውል ስለ ሥራው አትጠይቅ፣ ስለ ጤናዬ አትጠይቅ፤ «ዳክዬዎቼስ?» ብቻ ነው። እነሱ ከጠፉ የምትደውልልኝ ምክንያት አይኖራትም ብዬ መፍራት ጀመርኩ።

ከተኩሱ የተረፉት ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት። «አንዱን ወንድ አስወግደው» አለችኝ። «ለአንድ ወንድ አራት አምስት ሴት ያስፈልገዋል። ሁለት ሆነው አንዷን ይጨርሷታል።» እሺ አልኳት። እሺ ማለት ይቀናኛል። ነገ ዛሬ እያልኩ ወራት አለፉ።

የካቲት ላይ ሴቷ ዘጠኝ እንቁላል ታቀፈች። በቀን አንዴ ብቻ ትነሳለች፤ ትበላለች፣ ለሁለት ከተቆረጠው በርሜል ውስጥ ትነከርና ትመለሳለች። በሰባተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ የውሃ መንቦጫረቅ ሰማሁ። ስወጣ ሁለቱም ወንዶች በርሜሉ ውስጥ እላይዋ ላይ ናቸው። አንዱ ማጅራቷን በአፉ ይዞ ወደ ታች ይደፍቃታል። በመጥረጊያ እየመታሁ አባረርኳቸው፣ ግን ሳወጣት አንገቷ እጄ ላይ ተዝለፈለፈ። እንቁላሎቹ ገና ይሞቃሉ።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ከሰዓት ስልኩ ጠራ።

«ዳክዬዬስ?»

«እንደታቀፈች ናት» አልኩ።

እንቁላሎቹን ያዳነቻቸው ጎረቤቴ ጆሴፊን ናት። ልጅነቷን በስደት ጋምቤላ ያሳለፈች፣ ስትቆጣ አማርኛዋ ከእኔ የሚፈጥን ሴት። መታቀፍ የጀመረች ዶሮዋን በብብቷ ይዛ መጣችና እንቁላሎቹ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ጋሼ ምንያህል፣ ሁለት ወንድ ለአንድ ሴት? ዋላሂ፣ አንተን ነበር በርሜሉ ውስጥ መድፈቅ!»

አንዱን ወንድ ይዛ ሄደች፤ ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኩም። ሌላውን ሽቦ አጥሬ ለየሁት።

ከዚያ በኋላ ከታቀፈችበት ዕለት ጀምሬ ቀን መቁጠር ያዝኩ። የማውቀው ዶሮ ነው፤ ዶሮ በሃያ አንድ ቀን ትፈለፍላለች። ሃያ አንደኛው ቀን መጣ፣ ምንም የለም። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት፣ ዝም። በሃያ አራተኛው ቀን እንቁላሎቹን ልቀብር አካፋ አንስቼ ከአጥሩ ሥር መቆፈር ጀመርኩ። ልጆቿንም ገደልኳቸው እያልኩ ነበር የምቆፍረው።

ጆሴፊን በአጥሩ ላይ አየችኝ። «ምንድን ነው የምትሠራው?»

ነገርኳት። እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «የዶሮ ቀን ነው እኮ የቆጠርከው! የዳክዬ ሃያ ስምንት ነው። አካፋውን ጣልና ለብ ያለ ውሃ አምጣ።»

ውሃውን በሳፋ አመጣሁ። አንዱን እንቁላል «ሹያ ሹያ» እያለች፣ በቀስታ፣ ውሃው ላይ አስቀመጠችው። ተንሳፈፈ። ውሃው እስኪረጋ ጠበቅን። ንፋስ እንኳ አልነበረም።

እንቁላሉ ነቅነቅ አለ።

ቆመ። ደግሞ ነቅነቅ አለ፣ ዞረም። ማንም አልነካውም! በዕድሜዬ ስንት ሺህ እንቁላል ሰብሬያለሁ፤ መጥበሻ ላይ አፍስሼ ጨው ከመነስነስ በቀር ምንም አስቤ አላውቅም። አሁን አንዱ ከነቅርፊቱ ውሃ ላይ ሆኖ አለሁ ሲል መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፈጣሪዬን ፈራሁት፤ ሌላ የምለው የለኝም። ከዘጠኙ ሰባቱ ነቀነቁ።

«እናታቸው ከውሃ ወጥታ እርጥብ ሆና ነበር የምትታቀፋቸው» አለች ጆሴፊን። «ዶሮ ይህን አታውቅም። አንተ ርጭላቸው።»

ደንበኛ ፉል እየጠበቀኝ ጓሮ ተንበርክኬ ለእንቁላል ውሃ ስረጭ ሰነበትኩ።

ሃያ ስምንተኛው ቀን እሑድ ዋለ። ጠዋት አንዱ ቅርፊት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። ያን ዕለት ይመኙሻል በጊዜ ደወለች።

«ዳክዬዬስ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሞታለች» አልኳት። «ወንዶቹ ደፈቋት። አስወግደው ብለሽኝ አልሰማሁሽም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«የምትጮኸው እኮ ሴቷ ናት፤ የወንዶቹ ድምፅ የታፈነ ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ ከኋላህ ድምፅዋን ስፈልግ ነበር። አንተ ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ።»

አፈርኩ። ስልኩን ወደ እንቁላሉ አስጠጋሁት።

«ፈለፈሉ?» አለች በሹክሹክታ።

«አንዱ ሊወጣ ነው። ልርዳው?»

«እንዳትነካው! ደም ይፈሰዋል። ራሱ ይውጣ።»

እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሙኑኪ በሆዴ ተኝቼ፣ ሁለታችንም ጠበቅን። ይሰነጥቃል፣ ይደክመዋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይገፋል። አውራ ጣት የማታህል ነፍስ ይህን ጉልበት ከየት አመጣችው? በመጨረሻ ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለና ዘርፈጥ ብሎ ወደቀ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ምን ይመስላል?»

«እርጥብ ነው» አልኳት። «እግሩ… እግሩ ትልቅ ነው።» አለቀስኩ።

ይመኙሻል ሳቀች። ከሐምሌ ወዲህ ሳቋን ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ግን ኮስተር አለች።

«ስማ ምንያህል፣ ዶሮ የታቀፈችው ጫጩት ላባው ቅባት የለውም። ውሃ ውስጥ ከገባ በርዶት ይሰጥማል። እኔ እስክመጣ ድረስ ወደ ውሃ እንዳታስጠጋቸው።»

«እስክትመጪ?»

«ታዲያ አንተ ልታሳድጋቸው ነው?» አለችኝ።