ገበሬው እጅ የነሳው መኪና

ድንቅነሽ በመካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆና ስትቀጠር፣ በቀን አምስት ሰዓት በእግሯ ልትኳትን አልነበረም። ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግን የሰውን ሐሳብ የሚጠይቅ ዓመት አልሆነም። ረሃቡ ሰዉን ከየቀዬው ነቅሎ ወደ ወግዲ በሚወስደው የበጋ መንገድ ዳር አከማቸው። ከሳርና ከሸራ መጠለያ ተቀለሰለትና «ጠዋት የከተማውን በሽተኛ፣ ከሰዓት የመጠለያውን ታያለሽ» ተባለች። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ወጥታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከደረሰች ትልቅ ነገር ነው። ባልደረሰችበት ቀን ሕፃን ይሞታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ የሚያከራክር የለበትም።

ደሴ የሚኖሩ የአገር ልጆች ይህን ሰምተው ገንዘብ አዋጡ። «ለድሬሰሯ መመላለሻ፣ ቤንዚን የማትፈጅና መንገድ ላይ የማታስቀር ትንሽ መኪና ይገዛላት» አሉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ ከየት ይመጣል! ግን ግዢው ለኮሚቴ ተሰጠ። ሊቀ መንበሩ የአገሩ ባላባት ግራዝማች ተረፈ፣ ጸሐፊው ደግሞ የቅኔ መምህሩ መርጌታ አካሉ ነበሩ። ሁለቱም በዕድሜያቸው መርጠው የሚያውቁት በቅሎ ብቻ ነው። መኪና አለማወቅ ነውር አይደለም። የሚያውቅ ሲነግር አለመስማት ነው ነውሩ።

የሚያውቀው ሰው ሾፌሩ ጀብሪል ነበር። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ የሚገዛውን መኪና እንዲይዝም የተቀጠረው እሱ ነው። በመጋቢት ወር ኮሚቴው ደሴ ሲወርድ፣ ድንቅነሽም መድኃኒት ልትቀበል አብራ ወረደች። ጋራዡ ውስጥ ሁለት አሮጌ መኪኖች ቆመው ጠበቋቸው፤ አንዷ ቮልስ፣ ሌላው ከአንድ ሟች ባለጸጋ ቤት የወጣ ረጅም ጥቁር አውቶሞቢል።

«ወላሂ፣ ይቺን ነው መውሰድ» አለ ጀብሪል የቮልሷን ጣሪያ መታ መታ አድርጎ። «ቀላል ናት፤ ጭቃ ቢይዛት አራት ሰው ያወጣታል። መለዋወጫዋም የትም አይጠፋም። ቤንዚኑንማ እንደ ሽቶ ነው የምትቀባው!»

መርጌታ በመቋሚያቸው ጎማዋን ነካ ነካ አደረጉ። ዞረው ዞረው ሞተሯን ከኋላ ሲያገኙት ደነገጡ። «ኧረ ይቺ ፍጥረት አንጎሏ ከጭራዋ ነው!» አሉ። ግራዝማችም ሊሞክሯት ፈለጉ። ሹም የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ቮልሷ ደግሞ ያላት ሁለት በር ብቻ ነው። የፊቱ ወንበር ታጠፈላቸውና ካባቸውን ሰብስበው፣ ጎንብሰው በጭንቅ ገቡ። ሲወጡ ባርኔጣቸው ወደቀ። የቮልሷ ነገር እዚያው አበቃለት።

ጀብሪል ግን ተስፋ አልቆረጠም። በሁለቱም ውስጥ የነበረውን ነዳጅ አስወጥቶ ሁለት ሁለት ሊትር ብቻ ጨመረባቸው። «ወደ ኩታበር እንንዳቸው፤ የትኛዋ እንደምትሻል መንገዱ ራሱ ይፍረድ» አለ። ሽማግሎቹ የጋራዡ ሠራተኛ እየነዳላቸው በጥቁሩ፣ እሱና ድንቅነሽ በቮልሷ ሆነው ተነሡ። ጥቁሩ መንገዱን ሳያጋምስ ትን አለውና ቆመ። ቮልሷ እየተንደቀደቀች ኩታበር ገበያ ጥግ ደረሰች። ድንቅነሽ በደስታ አጨበጨበች። «አብሽሪ፤ ከእንግዲህ ምን ይላሉ?» አላት ጀብሪል።

ምን እንደሚሉማ በጀሪካን የያዙትን ቤንዚን ጨምረው ሲመለሱ አዩት። በቆመው አውቶሞቢል ዙሪያ፣ ከማሳቸው የመጡ ገበሬዎች ጋቢያቸውን አደግድገው እጅ ይነሳሉ። ምን ያህል ታላቅ ሰው ቢመጣ ነው ብለው መሆን አለበት። እጅ ነስተው ሲያበቁም ከኋላ ይገፉት ጀመር። ግራዝማች በመስኮቱ ብቅ ብለው ሳቁ።

«አየሽ አንቺ ልጅ? ቆሞ እንኳ ይከበራል!»

«ግራዝማች፣ እኔ ልከበርበት አይደለም፤ ልደርስበት ነው» አለች ድንቅነሽ።

«ዘመኑን አታይም? አዲስ አበባ ሚኒስትሮች ወርደዋል፤ ባለታክሲው ሁሉ አድሟል። ሹም በተናቀበት ጊዜ በዚያች እንቁራሪት ተጣጥፈን ብንታይ ማን ይፈራናል?»

ባለታክሲው ያደመው ቤንዚን ተወደደ ብሎ ነው እኮ! ከዚያ ሁሉ ግርግር ይቺን አንዲት ቁም ነገር መስማት እንኳ አቃታቸው። ጥቁሩ ተገዛ።

ለወር የሚመጣላት ቤንዚን ግማሽ በርሜል ነበር። ለቮልሷ ሠላሳ ቀን በበቃ። ጥቁሩ ግን፣ በዚያ ላይ ሹማምንቱን ለሠርግና ለክርስትና እያመላለሰ፣ በሁለተኛው ሳምንት አሟጦ ይጨርሰዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባት። ይህስ ይሁን፣ እንደ ድሮዬ በእግሬ እሄዳለሁ ብትል ደግሞ ግራዝማች ከለከሏት። «መኪና ተገዝቶላት በእግሯ ትሄዳለች ተብሎ እንታማ? እስኪመጣልሽ ጠብቂ!»

በግንቦት ወር በአንዱ ማክሰኞ «ነገ በማለዳ ይመጣልሻል» ተባለች። ረቡዕ መድኃኒቷን በሳጥን አድርጋ ደጅ ላይ ስትጠብቅ ዋለች። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መኪናው ተዝካር ሄዶ ኖሯል። አገር በረሃብ እያለቀ፣ የጠገበ ሰው ተዝካር ሊበላ!

ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው መጠለያውን ሊጎበኝ ተነሣና እሷንም ከፊት አስቀምጠው ወረዱ። መኪናው ገና ከመቆሙ አልታዬ የምትባል እናት ከዳሱ ወጥታ ወደ ድንቅነሽ መጣች። ሰኞ ዕለት ተቅማጥ የያዛት ሕፃን ታቅፋ ነበር። አሁን ክንዷ ባዶ ነው።

«እታለም፣ ትናንት ምነው ቀረሽ?» አለቻት። «መንገድ መንገዱን ስናይ ዋልን።»

አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት በስንት ጣዕሙ! ድንቅነሽ እንደልማዷ «መኪናው ተበላሽቶ ነው» ብላ ልትሸፍንላቸው ትችል ነበር። ዛሬ ግን አንጀቷ እምቢ አለ።

«ግራዝማች» አለች ወደ መኪናው ዞራ፣ «ለምን እንደቀረሁ እርስዎ ይንገሯት።»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መኪናው ሥራ ላይ ነበር» አሉ።

«የምን ሥራ?» አለች አልታዬ።

«ተዝካር ነበርን» አለ ጀብሪል መሪውን እንደያዘ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አልታዬ ጥቁሩን መኪና ከፊቱ እስከ ኋላው አየችው። በመስኮቱ አጎንብሳ ሰፋፊ ወንበሮቹንም አየች። «የማን ነው ይሄ?» አለች።

«የእሷው ነው፤ ለእሷ መመላለሻ የተገዛ ነው» አሉ መርጌታ ፈጠን ብለው።

አልታዬ ድንቅነሽን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ቀጭን ናት፣ የያዘችውም አንዲት ሳጥን ብቻ ነው።

«እሷ እኮ አንዲት ፍሬ ሴት ናት» አለች። «ይህን ሁሉ ቦታ ለማን ብላችሁ ነው?»