ልብስ ሰፊዋ ዛፍ የሆነችበት ገና

ልብስ ሰፊዋ እስከዚያ ዓመት ድረስ ልጅ አዝላ አታውቅም። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለ አንድ መስኮት ቤት ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ብቻዋን ትኖራለች፤ ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም። የሰፈሩ ሰው መጋረጃና የተማሪ ልብስ የሚያሰፋው እሷ ጋ ነው፤ ቀጠሮ አታዛባም፣ ወሬም አታበዛም። ታናሽ እህቷ ስትቀልድባት «የኔ እህት እኮ ሰውን የምታየው በሴንቲ ሜትር ነው» ትላለች።

ገና አሥር ቀን ሲቀረው ይህችው ታናሽ እህቷ የሰባት ወር እርጉዝ እንደሆነች ሆስፒታል ገባች። ሐኪሞቹ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዟት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይቆይ አይመለስም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልጃቸው፣ ከጉንጯ ሙላት የተነሳ ሁሉም «ድንቡሽ» የሚላት፣ አንድ ከረጢት ልብስ ይዛ አክስቷ ቤት ገባች።

«ምን ትበላለች?» አለች ልብስ ሰፊዋ በስልክ።

«ያገኘችውን።»

«በምን ትጫወታለች?»

«ባገኘችው።» እህቷ፣ «ብቻ እትዬ፣ መርፌሽን ከፍ አድርገሽ አስቀምጪ» አለቻት።

መርፌውም መቀሱም ቁምሳጥን ላይ ወጣ። ድንቡሽ ግን ያገኘችውን አልበላችም፣ ባገኘችውም አልተጫወተችም። በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጫማዋን አላወልቅም አለች። በየመሀሉ ቀና ትልና «እማ?» ትላለች። ለቅሶ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። አክስቷ «ትመጣለች» ያለቻት እንደሆነ ብድግ ብላ በሩን ትገፋለች። ልብስ ሰፊዋ ከሁለተኛው ቀን በኋላ «ትመጣለች» ማለቱንም ተወችው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጡረታ የወጣች የሕፃናት አስተማሪ መጋረጃዋን ልትወስድ መጣች። መጋረጃውን ከመዘርጋቷ በፊት ልጅቷን አየች።

«ይቺ ልጅ ሥራ ፈትታለች» አለች።

«የሁለት ዓመት ልጅ ምን ሥራ አላት ብለሽ ነው?»

«ገና መድረሱ አይደል? ገናን ታሰናዳ እንጂ። ዛፍ ስፊላት፤ እጇ የሚደርስበት፣ የሚሰበር ነገር የሌለበት፣ ራሷ የምታስጌጠው ራሷም የምታፈርሰው። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትንሽ ትንሽ ትሥራ። ልጅ ነገ ቢሉት አያውቅም። የትናንቱን ዛሬ ሲደግመው ግን ነገ የሚባል ነገር እንዳለ ቀስ ብሎ ይገባዋል።»

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ስትጀምር መለካት ነው የምታውቀው። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ድንቡሽን ከእግሯ እስከ ግንባሯ ለካቻት። የሜትሩ ጫፍ አገጯን ሲነካት ልጅቷ ኩርፊያዋን ረስታ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ልኩን ብታገኝም እንደገና ለካቻት፤ ደግማም ለካቻት።

ከመጋረጃ ከተረፈ ወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ ዛፍ ቆርጣ ግድግዳው ላይ ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው። ከየደንበኛው ቁርጥራጭ ደግሞ ኮከብ፣ ወፍ፣ ጨረቃና ዓሣ ሰፋች። ዓሣው ዛፍ ላይ ምን እንደሚሠራ አልታወቀም፤ ጨርቁ ሰማያዊ ስለነበር ነው። በየጀርባቸው፣ ጃኬት ላይ የሚሰፋውን፣ ቸርርር እያለ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ አደረገችባቸውና ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው።

በየጠዋቱ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድንቡሽ ከካርቶኑ አንድ ነገር ታወጣና ትለጥፋለች። ከዚያ አክስቷ ዓይኗን ገልጣ «ማን ለጠፈው?» ማለት አለባት። «እኔ» ትላለች ልጅቷ፣ በጣም ኮስተር ብላ። ጨዋታው ይኸው ነው። ግን በቀን ሃያ ጊዜ ይደገም ነበር፤ የትምህርት ቤት ልብሶቹም ሳይሰፉ ይከመሩ ጀመር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ድንቡሽ ሁሉንም የምትለጥፈው ከዛፉ ግርጌ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ ነው። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የተጣመመ ስፌት አይታ እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው ነች። ቀስ ብላ አንዱን ኮከብ ወደ ላይ፣ ጨረቃዋን ወደ ጎን አደረገች። ልጅቷ አየቻት። አንድ በአንድ እያላቀቀች መለሰቻቸው።

«እምቢ» አለች። «ተኝተዋል።»

አክስቷ ከዚያ ወዲያ አልነካቻቸውም።

ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ልብስ ሰፊዋ አንድ ጥቁር ጨርቅ አግኝታ በወስፌ በሳሳችውና መስኮቱ ላይ ወጠረችው። የረፋዱ ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ገብታ ወለሉን፣ አልጋውን፣ የስፌት መኪናዋን ሁሉ በብርሃን ነጠብጣብ ሞላችው። ነፋሱ ጨርቁን ሲያወዛውዘው ቤቱ በሙሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስል ነበር። ድንቡሽ ጎንበስ ብላ ብርሃኑን እየለቀመች ቀሚሷ ውስጥ አጠራቀመች። ከዚያ መሀሉ ላይ ተቀምጣ፣ እፍኝ እፍኝ እየዘገነች፣ ለአክስቷ አጎረሰቻት። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ዋጠች። በምትኩ ገንፎ በማንኪያ ስትሰጣት ልጅቷም ዋጠች። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ጫማዋን መቼ እንዳወለቀችው ሁለቱም አላስተዋሉም።

በዋዜማው እህቷ ደወለች። ድምጿ ቀጥኗል።

«ሕፃን ማስገባት ክልክል ነው አሉኝ፣ እትዬ። ለገናም ቢሆን አይሆንም አሉ። ትረሳኛለች።»

«መስኮትሽ በየት በኩል ነው?»

«በአትክልቱ በኩል። ሁለተኛ ፎቅ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ነርሷን አልጋዬን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ በያት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

በገና ጠዋት ዛፉን ጠቅልላ ካርቶኑን በብብቷ ያዘች፤ ድንቡሽን አዘለቻት። ከሆስፒታሉ ዘበኛ ጋር አልተከራከረችም። ሕንፃውን ዞረው አትክልቱ ውስጥ ገቡ። ቀና ብላ ስታይ መስታወቱ ጀርባ የእህቷ ፊት አለ፣ ትራስ ላይ ጋደም ብሎ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ደብዘዝ ብሎ።

ዛፉን የምትሰቅልበት ግን አጣች። ግድግዳው ልሙጥ ሸክላ ነው፤ ስፒል አይዝም። አጥር የለም። ቁጥቋጦው አጭር ነው። ነፋሱ ጨርቁን ከእጇ ሊነጥቃት ይታገላል። ልብስ ሰፊዋ ዙሪያዋን አየች፤ ጠያቂዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዘበኛውም ተከትሏት መጥቶ ቆሟል። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ዞር ብሎ እንዳያያት ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ነች። ድንቡሽንና ካርቶኑን መሬት ላይ አውርዳ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጠመጠመችና ከአንገቷ ሥር በስፒል አያይዛ እጆቿን ዘረጋች።

ድንቡሽ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ዛፍ?»

«ዛፍ ነኝ። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ልጅቷ ሥራዋን ጀመረች። ኮከቡ፣ ወፉ፣ ዓሣው ሁሉም ከግርጌ፣ ከአክስቷ ጉልበት ሥር ተደረደሩ። በየፎቁ መስኮቶች ላይ ሌሎች ፊቶች ብቅ ብቅ አሉ። ዘበኛው ነፋስ የወሰደውን አንድ ኮከብ ሮጦ ይዞ ለልጅቷ ሰጣትና ቆቡን አውልቆ ቆመ።

ያን ጊዜ ነው ድንቡሽ ቀና ያለችው። እናቷን ረጅም ጊዜ አየች። ልብስ ሰፊዋ፣ አሁን ታለቅሳለች፣ በሩን ልግፋ ትላለች፣ ምን አበሳ አመጣሁ አለች በሆዷ።

«እማ ተኝታለች?» አለች ልጅቷ።

«አዎ፣ የኔ እመቤት። ሕፃኑ እስኪደርስ ተኝታለች።»

ድንቡሽ አሰበችበት። ግርጌ የተደረደሩትን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በአትክልቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ «ሽሽሽ» አለች። ጠያቂዎቹ እውነትም ዝም አሉ። ላይ መስታወቱ ጀርባ እናቷ መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ እንደተኛ ሰው ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይሁን በለቅሶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሕፃኑ ከወር በኋላ በሰላም ተወለደ፤ ወንድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ያንን ገና ሲያነሱባት የምታወራው ስለ መመለሻው ነው። አውቶቡሱ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድንቡሽ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ትተነፍሳለች፣ ትከብዳለች፣ ትሞቃለች። የሚወርዱበት ፌርማታ ደረሰ። ሾፌሩ በመስታወት አያትና «እናት፣ እዚህ አይደል የምትወርጂው?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ «አክስቷ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

«ግድ የለም፣ ንዳው» አለች ቀስ ብላ። «ስትነቃ እንወርዳለን።»